በነሐሴ አዲስ አበባ ለዕረፍት ሲሄዱ የማራቶን ልምምድን ስለ መቀጠል

ጤና ይስጥልኝ። በአሜሪካ ዋሽንግተን አጠገብ ካለችው ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥተው ነሐሴን ከቤተሰብ ጋር በአዲስ አበባ ለሦስት ሳምንት እንደሚያሳልፉ፣ በጥቅምት አጋማሽ ደግሞ እዚያው ዋሽንግተን አካባቢ የሚካሄደውን የማሪን ኮር ማራቶንን ለመሮጥ እንደተመዘገቡ ጽፈው፣ የልምምድ መርሐ ግብርዎ ሳይዛነፍ እንዴት እንደሚቆይ ጠይቀዋል። እኔም ከዋሽንግተን አካባቢ ተነሥቼ በዚሁ ወቅት ሁለት ጊዜ ስለሄድሁ፣ በመጀመሪያው ጉዞ ምን እንዳበላሸሁና በሁለተኛው ምን እንደለወጥሁ ልንገርዎ።

ከሁሉ በፊት መታሰብ ያለበት የከፍታው ጉዳይ ነው። እኛ የምንኖርበት አካባቢ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አይልም፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እዚያም እዚህም 21 በመቶ ቢሆንም፣ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከለመድነው በሩብ ያህል ያንሳል። ተወልደን ያደግንበት ከተማ መሆኑ እዚህ ላይ እምብዛም አይረዳንም፤ ከዓመታት በኋላ ስንመለስ ሰውነታችን የሚቀበለው እንደ እንግዳ አገር ነው። እኔ ይህን ሳላጤን በደረስሁ በሁለተኛው ቀን እንጦጦ ወጣሁ። ዋሽንግተን ውስጥ አንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ተኩል እየሮጥሁ ከጓደኛዬ ጋር አወራ ነበር፤ እዚያ ጫካ ውስጥ ግን በዚያው ፍጥነት ሁለት ኪሎ ሜትር ሳልሞላ የልቤ ምት በጆሮዬ ይሰማኝ ጀመር። መርሐ ግብሩ 12 ኪሎ ሜትር ይላልና 12 ኪሎ ሜትር ጨረስሁ። ያን ሌሊት ራሴን ሲፈልጠኝ አደረ፤ የሰባት ሰዓቱ ልዩነትም እንቅልፍ ነሣኝ፤ ጉንፋን ተጨመረበትና ስድስት ቀን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልሮጥ ቀረሁ።

በሁለተኛው ጉዞ የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት በእግር ጉዞና በ30 ደቂቃ ሶምሶማ ብቻ አሳለፍሁ። ከዚያም በኋላ በሳምንት የምሮጥባቸውን ቀናት ቁጥር እንዳለ ጠብቄ፣ ኪሎ ሜትርንና ፍጥነትን ግን ሙሉ በሙሉ ተውኋቸው፤ የምሮጠው በደቂቃ ነበር፤ ልኩ ደግሞ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳልቆራርጥ መናገር መቻሌ ነበር። በዚያ ልክ ስሮጥ ሰዓቴ ለአንድ ኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያሳይ ነበር። መርሐ ግብርዎ 28 ኪሎ ሜትር ረጅም ሩጫ በሚልበት ቀን ሁለት ሰዓት ከሩብ ሮጠው ቢጨርሱ፣ በእኔ እምነት ምንም አልቀረብዎትም። የፍጥነት ልምምዱን በአጫጭር ዳገት ይተኩት፤ ቁልቁሉን በእርምጃ እየወረዱ ትንፋሽዎ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ይጠብቁ።

ለዚህ ማስተማሪያ የሆነኝ አንድ ጠዋት እንጦጦ ላይ ያየሁት ነው። ስምንት የሚሆኑ አትሌቶች በባሕር ዛፉ መካከል በአንድ መስመር ተከታትለው መጡ፤ መሪው ዛፎቹን ግራና ቀኝ እየዞረ ይጥመዘመዛል፤ ሌሎቹ የፊተኛቸውን ተረከዝ እያዩ ይከተላሉ። አጠገቤ ሲያልፉ የእርጥቡ ቅጠል ድምፅ እንጂ ትንፋሻቸው አይሰማም ነበር። ፍጥነታቸው ከእኔ እጅግም አይበልጥም፤ በቀላል ቀን ቀላል መሮጥን እነርሱ ከልባቸው ይዘውታል። ወደ ጫካው ሲሄዱ ግን ሳይነጋ እንዳይወጡ አደራ እላለሁ፤ ጅብ የሚባለው ወሬ ብቻ አይደለም፤ የሰፈር ውሾችም ጎሕ ሳይቀድ በየመንገዱ ናቸው። ንጋት 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ መውጣት ይበቃል፤ የነሐሴ ዝናብም አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጠዋቱ ይሻላል።

ሌላው ጉዳይ ቤተሰብና ምግብ ነው፤ ከከፍታው የማይተናነስ። ነሐሴ የገባ ዕለት ጾመ ፍልሰታ ይገባል፤ እስከ 16ም ይቆያል፤ አክስቴ ቤት ደግሞ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አይቀመስም። በመጀመሪያው ጠዋት በር ላይ አገኘችኝና «አንቺ ልጅ፣ ነጠላሽን ሳትለብሺ ወዴት ነው?» አለችኝ፤ ቤተ ክርስቲያን የምሄድ መስሏት ነበር። ከዚያ በኋላ የምሮጥበትን ቀንና የምመለስበትን ሰዓት በዋዜማው እነግራት ጀመር፤ እርሷም ሰው ጥየቃ የምንሄድበትን ሰዓት ወደ ረፋድ አደረገችልኝ። የንስሐ አባቴን አማክሬ የጾም ምግብ ብቻ እየበላሁ ሰዓቱን ግን ረጅም ሩጫ በምሮጥባቸው ቀናት አልጠበቅሁም። ከሩጫ እንደተመለስሁ በሶ በውኃ በጥብጬ፣ ስኳርና ቁንጣሪ ጨው ጨምሬ እጠጣ ነበር፤ ሆድ ሳያስጨንቅ ኃይል ይመልሳል። እርስዎም ሰዓቱን የሚጠብቁ ከሆነ፣ በእነዚህ ቀናት ረጅሙን ሩጫ ከ16 በኋላ ወዳሉት ቀናት ቢያዛውሩት የተሻለ ነው። ውኃ ግን የታሸገ ወይም የፈላ ይሁን፤ ሆድ ሕመም ከየትኛውም የቀረ ሩጫ ይልቅ ቀን ይበላል።

ሦስት ሳምንት በከፍታ መቆየትዎ በውድድሩ ቀን ልዩ ብርታት ይሰጠኛል ብለው እንዳያስቡ፤ የቀይ የደም ሕዋሳት መጨመር ሳምንታት የሚፈጅ ነው፤ ያም ቢሆን ከወረዱ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ይልቅስ ሲመለሱ ሰባት ሳምንት ገደማ ስለሚቀርዎት ለማራቶኑ ፍጥነት የሚሠሩትን ከባድ ልምምድ ሁሉ ለዚያ ያቆዩት፤ የተመለሱበትን የመጀመሪያ ሳምንትም ለእንቅልፍና ለወበቁ ይተውት።

ስለ ጫማም ጠይቀው ነበር፤ ሁለት ጥንድ ይያዙ። የእንጦጦ ጭቃ ሶሉ ላይ ይጋገራል፤ በክረምት አንድ ጫማ በአንድ ሌሊት አይደርቅም። ጋዜጣ ጠቅጥቀው ወጥ ቤት አጠገብ ቢያኖሩት በሁለተኛው ቀን ይደርስልዎታል፤ ምድጃው ላይ ግን አያስጠጉት፤ ማጣበቂያው ይለቃል።