ለሥልጠናው ሂጂ፤ ውኃሽን ግን ይዘሽ ሂጂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ አይቼው በሁለት ቃል ላልፈው አልፈለግኩም። ያልሽው ይኼን ነው፦ አምስት ሴቶች ሆናችሁ እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ ሰላጣ፣ ቆስጣና ካሮት ታመርታላችሁ፤ ከዚያ ሌላ በርበሬ፣ ሽሮና የቲማቲም ድልህ አዘጋጅታችሁ ለሱቅ ማስረከብ ጀምራችኋል። አሁን የሦስት ቀን የምግብ ደኅንነት ሥልጠና መጥቷል፤ ክፍያ አለው፣ ሰርተፍኬት አለው፣ ሦስት ቀን ደግሞ ሥራ ያስፈታል። «ይጠቅማል ወይስ ለወረቀት ነው? የአሜሪካኖቹን በኢንተርኔት ብንማርስ?» ነው ጥያቄሽ።

መልሴ ሂጂ ነው። ግን የትኛውም ሥልጠና የሚጠቅምሽ የራስሽን ውኃ፣ የራስሽን ስጥና የራስሽን ማጠቢያ ሳፋ ይዘሽ ከገባሽበት ነው። እኛ ይኼን ያወቅነው ከስረን ስለሆነ ነገሩን ከነምክንያቱ ልንገርሽ።

እኛም እንደናንተ አትክልትና በርበሬ መሸጥ ስድስት ሆነን ከጀመርን ሰባት ዓመታችን ነው። የመጀመሪያውን ሥልጠና በሁለተኛው ዓመት አዳራሽ ውስጥ ወሰድን። አሠልጣኙ አዋቂ ነበር፣ የነገረን ሁሉ እውነት ነው። ስለ ተህዋስያን፣ ስለ ኬሚካል፣ ምግብ ውስጥ ስለሚገባ ባዕድ ነገር ተነገረን፤ ጻፍን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ወረቀታችንን ይዘን ወጣን። በማግስቱ በርበሬያችንን ያሰጣነው ግን እንደ ወትሮው መሬት ላይ ኬሻ ዘርግተን ነው። ስለ ስጥ የጠየቀን አልነበረም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ያን ዓመት ዝናቡ ጥቅምት ገብቶም አልወጣ አለ። ከሰዓት ደመና ሲያረግዝ ሮጠን ዛላውን በላስቲክ እንሸፍናለን፤ ጧት ስንገልጠው ላስቲኩ ከውስጥ በኩል አልቦት ይንጠባጠባል። ፀሐይ ስትወጣ ይደርቃል እያልን ሰነበትን። ከላይ ሲነካ ደረቅ ስለሆነ ጆንያ ውስጥ ከተትነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልንቀነጥስ ፈትተን አንዱን ዛላ ለሁለት ሰነጠቅኩት። ላዩ ደም የመሰለ ቀይ ነው፤ ውስጡ ግን በፍሬው ዙሪያ አመድማ ሻጋታ ድር ሠርቶበታል። ሌላ ሰነጠቅኩ፣ እሱም ያው ነው። ታላቃችን የሆኑት እናት «ልጆቼ፣ የከፋውን ለቅመን የቀረውን በደንብ እናምሰው፤ እሳት የማይገድለው ምን አለ?» አሉ። እውነት ለመናገር ልቤ ከሳቸው ጋር ነበር፤ ስልሳ ኪሎ በርበሬ ነው።

በሥልጠናው አብራን ለነበረች የላብራቶሪ ባለሙያ ደወልኩላት። «ሻጋታው ይሞታል፣ መርዙ ግን አይሞትም፤ እንዳትሸጡት» አለችኝ። መርዙ አፍላቶክሲን ይባላል። ዓለም ያወቀው በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ በላይ ቱርክ ዶሮዎች የተበከለ የለውዝ ፋጉሎ በልተው ካለቁ በኋላ ነው። ሰውን ቀስ ብሎ በጉበቱ በኩል ነው የሚጎዳው፤ የጉበት ካንሰር ያመጣል። ቆልተሽው፣ አምሰሽው፣ ወጥ ውስጥ ቀቅለሽውም ጨርሶ አይጠፋም። አውሮፓውያን ለቅመማ ቅመም የሚፈቅዱት በኪሎ ከ10 ማይክሮግራም ያልበለጠ ነው፤ ከሁሉ የከፋው ዓይነት ደግሞ ከ5 እንዳይበልጥ ይላሉ። አንድ ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ ነው። ዓይንም ምላስም አይደርስበትም። ስለዚህ የሻገተ መልቀም ያዳነን ይመስለናል እንጂ አያድነንም። ስልሳውንም ኪሎ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። እናታችን ሦስት ቀን አኮረፉን፤ ዛሬ ግን ሻጋታ ፍለጋ ከሁላችን የሚብሱት እሳቸው ናቸው።

አሁን የምናሰጣው ከወገብ ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ በተወጠረ ወንፊት ሽቦ ነው፣ ነፋስ ከሥርም እንዲያገኘው። ጤዛ ሳይወርድ ማታ ማታ ወደ ቤት ይገባል። መድረቁን የምናውቀው ላዩን በመንካት አይደለም፤ ዛላው ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት፣ ሲወዘወዝም ፍሬው መንኳኳት አለበት። ጆንያው ከወለልና ከግድግዳ ይርቃል። ለሽሮ እህላችሁ ደግሞ ቀላል መፈተኛ አለ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ባቄላ ወይም አተር ከደረቅ ጨው ጋር ጨምሪና ክደኚው፣ ወዝውዢው፣ ሩብ ሰዓት ያህል አቆዪው። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ለጎተራም ለወፍጮም አይሆንም።

ሁለተኛው ሥልጠና ሌላ ነበር። ሁለት ቀን ብቻ ነው፣ ያውም እኛው ግቢ ውስጥ። የመጣችው ልጅ ገና ከመቀመጧ «ሰላጣ የምታጥቡበትን ውኃ አሳዩኝ» አለች። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ አለን፣ ወሰድናት። ክዳኑን ከፍታ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደችና ጣቷን አሳየችን፤ አረንጓዴ አንሸራታች ነገር ይዞ ወጣ። ከዚያ እንደ ልማዳችሁ እጠቡ አለችን። አንዱን እስር ነከርን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አምስተኛው ላይ የሳፋው ውኃ ቡና መስሏል። «ይኼ ውኃ አላጠበም፤ ከአንዱ ወስዶ ለሁሉም አዳረሰ» አለች። አንድ ዓመት ሙሉ ንጹሕ ነው ብለን ለሰው ስንሸጥ የኖርነው እንዲህ የታጠበውን ነው። ያን ቀን የተሰማኝን አልረሳውም።

አሁን ሦስት ሳፋ አለን። የመጀመሪያው ውኃ ብቻ ነው፣ አፈሩ እንዲወርድ። ሁለተኛው በረኪና ያለበት ነው። ቀድሞ በረኪና የምናደርገው በግምት ነበር፤ አንድ ቀን አይሸትም፣ አንድ ቀን ዓይን ያቃጥላል። ልኩን ያዢ፦ ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል፣ ሽቶ የሌለበት በረኪና ከሆነ በ20 ሊትር ጀሪካን ውኃ 40 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በመድኃኒት መለኪያ ኩባያ ወይም በመርፌ ሲሪንጅ ስፈሪው። ቅጠሉ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ በሦስተኛው ሳፋ በንጹሕ የሚጠጣ ውኃ ይለቀለቃል። ውኃው ከደፈረሰ በረኪናው ጉልበቱን ጭቃው ላይ ጨርሷልና ለውጡት። የውኃ እጥረታችንን እያወቅኩ ነው ይኼን የምልሽ፤ ውኃ በማይበቃበት ቀን ሰላጣ ባንቆርጥ ይሻላል ብለን ወስነናል። በዐቢይ ጾም፣ ሰላጣ በሚፈለግበት ሰሞን፣ ይኼ ውሳኔ ከባድ ነው።

በረኪና ሁሉን አይገድልም። የወስፋት እንቁላል አይሞትለትም፤ አሜባና ጃርዲያም ይቋቋሙታል። ስለዚህ ጉዳዩ ከማጠቢያው ይልቅ ማሳው ላይ ነው የሚያልቀው። ቀሃን በመሰለ ከተማ አቋርጦ በሚያልፍ ወንዝ የምታጠጡ ከሆነ ጥሬ የሚበላ ሰላጣ አትትከሉበት፤ የሚቀቀለውን ጎመንና ድንች ትከሉበት። ሰላጣውን ጉድጓድ ውኃ ባለበት መደብ አድርጉት፣ ውኃውንም ከሥሩ እንጂ ከቅጠሉ ላይ አታርከፍክፉ።

የአሜሪካኖቹን ጠየቅሽ። እነሱ በ2011 እ.ኤ.አ. የምግብ ደኅንነት ሕጋቸውን ለወጡ፣ በ2015 ደግሞ ለአትክልትና ፍራፍሬ አምራች የተለየ ደንብ አወጡ። ደንቡ ከሚመለከተው እርሻ ቢያንስ አንድ ኃላፊ መሠልጠን አለበት፤ ትምህርቱን ያዘጋጀው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ ቡድን ነው። ሰርተፍኬቱ ጎንደር ላይ ምንም አይሠራልሽም። አካሄዱ ግን ጥሩ ነው፦ ከሠራተኛው ጤና ይነሣል፣ ወደ ፍግ፣ ወደ እንስሳት፣ ወደ ውኃ፣ ከዚያ ወደ ምርት አያያዝ ይሄዳል። እንግሊዝኛ የምትችል ካለች ታንብበውና ለሌሎቻችሁ ታስረዳ። እኔ ከእነሱ የወሰድኩት አንድ ቁጥር አለ፤ የኦርጋኒክ ምርት ደንባቸው ላይ ያለ ነው። ያልበሰለ ፍግ አፈር ለሚነካ ምርት ከመሰብሰቡ 120 ቀን በፊት፣ ለማይነካው 90 ቀን በፊት መግባት አለበት። አስቢው፣ ሰላጣ ከተተከለ በሁለት ወር ገደማ ይቆረጣል። ስለዚህ ጥሬ እበት መደቡ ውስጥ የሚገባው ሰላጣው ከመተከሉ ሁለት ወር ቀድሞ ነው፤ እኛ ግን በተከላው ማግስት ነበር የምንበትነው። መጠበቅ ካልቻላችሁ ኮምፖስት አብስሉ፤ ክምሩ መሐሉ ድረስ 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሞቆ፣ እየተገለበጠ ቢያንስ ሁለት ሳምንት መቆየት አለበት።

ዲግሪ ካነሣሁ ጎንደር ላለ ሰው ሁሉ መድረስ ያለበትን ልንገርሽ። በዚያው ሁለተኛ ሥልጠና ላይ ቴርሞሜትር ስንፈትሽ ወረቀቱ «በፈላ ውኃ 100 ካላሳየ ተበላሽቷል» ይላል። አምስት ቴርሞሜትር ነበረን፣ አምስቱም 93 ላይ ቆሙ። ልንጥላቸው ለይተን ካስቀመጥን በኋላ ያቺው የላብራቶሪ ልጅ «እነሱ ደኅና ናቸው፣ ከተማው ነው ከፍ ያለው» አለች። እውነቷን ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ በየ300 ሜትሩ ውኃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ያህል ይወርዳል፣ ስለዚህ እኛ ዘንድ በ93 ገደማ ይፈላል። ቴርሞሜትር በተፈጨ በረዶና ውኃ ፈትሹ፤ እዚያ 0 ካሳየ ደኅና ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከልም ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር የሚጠጣ ውኃ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይንተክተክ ይላል፤ ዝቅ ላለ ቦታ 1 ደቂቃ ነው።

የቲማቲም ድልሁ ላይ ይኼ ልዩነት አደጋ አለው። ጠርሙስ ውስጥ ታሽጎ አየር ባጣ ምግብ የሚያድግ ቦቱሊነም የሚባል ተህዋስ አለ፤ ዘሩ በመፍላት አይሞትም፣ መርዙም ሳይሸት ሳይቀየር ሰው ይገድላል። የሚያግደው ኮምጣጣነት ነው፤ የኮምጣጣነት መለኪያው፣ ፒኤች የሚባለው፣ ከ4.6 በታች መሆን አለበት። ቲማቲም ደግሞ ድንበሩ ላይ ነው፣ አንዱ ያልፋል አንዱ አያልፍም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሠንጠረዥ ለተፈጨ ቲማቲም በአንድ ሊትር ገደማ ጠርሙስ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ ጨምሩ ይላል፤ ከዚያ የታሸገው ጠርሙስ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይቀቀላል፣ ለባሕር ወለል በቀረበ ዝቅተኛ ቦታ 45 ደቂቃ፣ በእኛ ከፍታ 60 ደቂቃ። ከኢንተርኔት ያገኛችሁት አሠራር የዝቅተኛውን ቦታ ደቂቃ ከሆነ የሚነግራችሁ ሩብ ሰዓት ጎድሎባችኋል። ይኼም ለወፍራም ድልህ አይደለም፤ ወፍራም ነገር ውስጥ ሙቀት ቶሎ አይዘልቅም። እኛ ድልህ ከፍሪጅ ውጭ መሸጥ ትተናል። ገበያ ቀንሶብናል፣ አልጸጸተንም። ዘይት ውስጥ የተነከረ ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ ነው፤ ፍሪጅ ከሌለ አታዘጋጁት።

አሠልጣኞች ቶሎ የሚያልፉት አንድ ነገር አለ፣ ተቅማጥ የያዛት ሴት። «የታመመ አይሥራ» ይባላል፤ ግን የቀን ገቢዋን የምታጣ እናት ሆዷን ይዛ ትመጣለች እንጂ አትቀርም። እኛም አንዷ ታማ ደብቃን ሁለት ቀን ቅጠል ስታስር ነበር። ከዚያ በኋላ ቃለ ጉባኤ ያዝን፦ ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዛት ከቆመላት በኋላ 48 ሰዓት ምርት አትነካም፣ ድርሻዋ ግን አይቀነስም። ካወጣናቸው ደንቦች ሁሉ በእውነት የሠራው ይኼ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሕጉንም ችላ አትበሉ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብና መድኃኒትን ይገዛል፤ እያሸጋችሁ ለሱቅ ስታስረክቡ ብቃት ማረጋገጫና ገላጭ ጽሑፍ መጠየቃችሁ አይቀርም፣ ያኔ ሰርተፍኬቱ ይረዳችኋል።

ክፍያውን ከመክፈላችሁ በፊት ግን አዘጋጆቹን ጠይቂ። ግቢያችሁ ድረስ ይመጣሉ ወይ? ካልመጡ፣ የሮቶ ውኃችሁን በጠርሙስና አንድ እፍኝ ዛላ ይዛችሁ ብትሄዱ ያዩላችኋል ወይ? ወረቀታቸው የጎንደርን ከፍታ ያውቃል ወይ? ይኼ ከተማ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የንጽሕና ባለሙያ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር የላከ ነው፤ ሰው ያለበት ሄዶ ማስተማር ለአገራችን አዲስ አይደለምና አታፍሪ፣ ጠይቂ። አምስታችሁም መሄድ ካልቻላችሁ በእጇ የምታጥበዋና በርበሬውን የምታሰጣዋ ይሂዱ፤ ሒሳብ ያዧ ትቅር።

እኛ ለቅዳሜ ገበያ ዓርብ ከሰዓት ነው የምናጥበው። መጥታችሁ ሳፋዎቹንና የሽቦ ርብራቡን ማየት ከፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ አቅጣጫውን እነግርሻለሁ። ስትመጪ ከውኃችሁ አንድ ጠርሙስ ያዢ።