«አዩ?» ብላችሁ አትጠይቁ

ሰሞኑን አንድ የሁለተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ «ጋሼ፣ ዩኒቨርሲቲው ለሕዝብ በሚያዘጋጀው የኮከብ ምልከታ ምሽት በበጎ ፈቃድ ላግዝ ፈልጌ ነበር፤ ግን ፊዚክስ አልተማርኩም። ምን እጠቅማለሁ?» አለኝ። ቶሎ አልመለስኩለትም። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ትዝ ብለውኝ ነበር።

ወሩ ኅዳር ነው። ጁፒተርን በባለ 200 ሚሊሜትር ዶብሶኒያን ቴሌስኮፕ (ብርሃኑን በዚያ ስፋት ባለው መስታወት የሚሰበስብ፣ በእጅ እየተገፋ የሚዞር ነው) አነጣጥረን ሰው በሰልፍ ያያል። የዚህ ቴሌስኮፕ የትኩረት ርቀት 1200 ሚሊሜትር ስለሆነ ባለ 10 ሚሊሜትር የዓይን ሌንስ ሲገባበት 120 ጊዜ ያጎላል። ያኔ በሌንሱ የሚታየው የሰማይ ክፍል ከሙሉ ጨረቃ ስፋት ያንሳል። ሞተር ደግሞ የለውም። ምድር ስለምትዞር ፕላኔቱ ከዳር እስከ ዳር የሚቆየው 100 ሰከንድ ያህል ነው፤ መሃል ላይ አድርጋችሁት ወሬ ብትጀምሩ ከ50 ሰከንድ በኋላ ወጥቷል።

እናትየው ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጎንበስ አሉ፤ ሚዛናቸውን ለመጠበቅም ሌንሱን ጨበጥ አደረጉት። ዶብሶኒያን ለዚያች ታህል ግፊት ይንቀሳቀሳል። «አዩ እማማ?» አልኳቸው። «አዎ ልጄ፣ አየሁ። ተመስገን።» መርቀውኝ ሄዱ። ቀጥሎ የቆመው ትንሽ ልጅ ዓይኑን ሌንሱ ላይ እንደተከለ «ጨለማ ነው፤ ምንም የለም» አለ። ባየው እውነቱን ነው። ጁፒተር የለም፤ ሌንሱም በትንፋሽ ደብዝዟል። ከእናትየው በፊት ያለፉት አምስት ስድስት ሰዎችም «አየን» ብለው ነበር። አክብሮ ለጋበዘ ሰው «አላየሁም» ማለት በእኛ ዘንድ ይከብዳል፤ ይህን እያወቅሁ አልጠረጠርኩም። ዞር ብዬ ፈለግኋቸው፤ ከግቢው ወጥተዋል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ለዚያ ተማሪ የምሰጠው ሥራ ይኸው ነው፦ ከቴሌስኮፑ ጎን ቆሞ «ምን አዩ?» ብሎ መጠየቅ። ጁፒተር ከሆነ «ከጎኑ የተደረደሩ ነጥቦች» የሚል መልስ ይጠበቃል፤ ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸው አራቱ ጨረቃዎች ናቸው፤ አንዳንዴ አንዷ ተሸፍና ሦስት ይሆናሉ። መልሱ «ብርሃን» ብቻ ከሆነ ሰውየው አጥርቶ አላየም፤ የማጥሪያውን ቁልፍ ራሱ እንዲያዞር አድርጉት። ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ በሌንሱ እዩ፤ ፕላኔቱንም መሃል ሳይሆን ጉዞውን በሚጀምርበት ዳር አስቀምጡት። ሰልፉ ከረዘመ ባለ 10ሩን አውጥታችሁ ባለ 25 ሚሊሜትሩን አስገቡ። 48 ጊዜ ነው የሚያጎላው፤ ነገር ግን ፕላኔቱ አራት ደቂቃ ይቆያል፣ ጨረቃዎቹም በደንብ ይታያሉ። ለሚጎነበሱትም ሆነ ለሚንጠራሩት ልጆች መደገፊያ ያለው ወንበር አቅርቡ፤ እጅ መያዣ ካገኘ ሌንሱን አይጨብጥም።

በውጭ አገር መመሪያ የማይገኝ የእኛ ችግርም አለ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ ፕላኔቶች አናታችን አጠገብ ያልፋሉ፤ ዶብሶኒያን ደግሞ ወደ አናት ሲቀና ለማዞር እጅግ ያስቸግራል። ዝግጅቱን ፕላኔቱ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ከፍታ ላይ በሚሆንበት ሰዓት አድርጉት። የሰሜን ኮከብም በ9 ዲግሪ ከፍታ ላይ ስለሆነ ጋራና ሕንፃ ይጋርደዋል፤ መቆሚያውን ለማስተካከል እሱን ማየት ግድ የሚል ቴሌስኮፕ ለጀማሪ አልመክርም።

ለማነጣጠር ከዋናው ጎን የተገጠመችውን ትንሿን ፈላጊ ቴሌስኮፕ በቀን፣ ከፀሐይ በተቃራኒ አቅጣጫ ባለ ሩቅ ምሰሶ ላይ አስተካክሏት። ሲጨልም መጀመር የዘመኑ ልጆች ችኮላ ነው። መስታወቱም ወደ ውጭው ቅዝቃዜ እስኪወርድ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አለበለዚያ ምስሉ እንደሚፈላ ውኃ ይንቀጠቀጣል።

ስልክ ሰልፉ ውስጥ አይብራ እላለሁ። ጨለማ የለመደ ዓይን አንዴ ከተጨናበሰ መልሶ ለመልመድ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይወስድበታል። ቢሆንም ካየኋቸው አጋዦች ሁሉ የበለጠችው ስልኳ ላይ ስቴላሪየም የሚባለውን የሰማይ ካርታ መተግበሪያ ከፍታ፣ ማያውን ቀይ አድርጋ ሰልፈኛውን ከዋክብት የምታስተምር ልጅ ናት። እሷን አልከለክልም።

«ኮከቤ ሠውር ነው፤ ምን ይላል?» ብሎ የሚመጣ አይጠፋም። አትሳቁበት። በኅዳር ምሽት ሠውር በምሥራቅ ወጥቷል፤ በውስጡ ያሉትን ሰባቱን ከዋክብት በዓይኑ እንዲያይ አድርጉ፣ ከዚያ በባለ 25ቱ አሳዩት። ኮከብ ቆጠራውን ትቶ ስለ ርቀታቸው መጠየቅ ይጀምራል።

ሲያበቃ ጤዛ ያረፈበትን ሌንስ በሸሚዝ እንዳትጠርጉት፤ አቧራው ይቧጭረዋል። ቤት ውስጥ ክዳኑን ከፍታችሁ አስቀምጡት፤ ደርቆ ሲያድር ትከድኑታላችሁ።