ሁለት ማሊያ የለበሰው ሰው

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ ወጣት፣ «ጋሼ፣ አሁን ያለሁበት ሥራ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ትልቁ እስኪመጣ ጊዜ እየገፋሁ ነው» አለኝ። ያኔ የመለስኩለት መልስ ለራሴም አልጣመኝም። ቤቴ ገብቼ ሳሰላስለው አመሸሁ። ስለዚህ ለእሱም ለእናንተም ልጻፈው አልኩ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት ስፖርት ስዘግብ ነው። በአብዛኛው እግር ኳስ። ግን የሥራና የዕድል ነገር ሲነሳ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ የእግር ኳስ ሰው አይደለም። ፍራንክ በንስ የሚባል የራግቢ ተጫዋች ነው። ራግቢ ለብዙዎቻችሁ ባዳ እንደሆነ አውቃለሁ። ግድ የለም፣ ሕጉን ባታውቁትም ሰውየው ይገባችኋል።

በንስ እ.ኤ.አ. በ1962 ኒውዚላንድ ውስጥ፣ ኦክላንድ ተወለደ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የዘር ሐረጉ ከፓስፊክ ደሴቶች ይመዘዛል። የመሃል ተጫዋች ነበር። ባላጋራውን ይዞ ሲጥል ግድግዳ የተናደበት ይመስላል። ችግሩ ተራው አለመድረሱ ነው። የዚያን ጊዜው የኦክላንድ ቡድን በብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች የታጨቀ ነበር። እሱ በሚጫወትበት ቦታ ላይ ደግሞ ጆ ስታንሊ የሚባል ስመ ጥር ሰው ቆሟል። በንስም የሃያዎቹን ዕድሜ በአብዛኛው ተራ በመጠበቅ አሳለፈው። የኒውዚላንድ ብሔራዊ ቡድን፣ ኦል ብላክስ የሚባሉት፣ ዞር ብለው አላዩትም።

በ29 ዓመቱ ጥሪ መጣለት። ከፓስፊኳ የደሴቶች አገር ከሳሞአ። ያኔ ምዕራብ ሳሞአ ነበር የምትባለው። በ1987 የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ሲካሄድ ጎረቤቶቿ ፊጂና ቶንጋ ተጋብዘው እሷ የተዘለለች አገር ናት። ለ1991ዱ በማጣሪያ ታግላ ነው የገባችው። ጥሪው ክፍያም አልነበረውም። ራግቢ ለተጫዋች መክፈልን በይፋ የፈቀደው በ1995 ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ በእሱ ቦታ ብሆን አኩርፌ ቤቴ እቀመጥ ነበር።

እሱ ሄደ። ኦክቶበር 6 ቀን 1991 ካርዲፍ ላይ ሳሞአ ከዌልስ ጋር ተጋጠመች። ዌልስ ማለት ሕፃን ልጅ ከዳዴው ጋር ራግቢ የሚለምድበት አገር ነው። ሳሞአዎቹ ከጨዋታው በፊት እንደኛ ሽለላ ያለ የጦር ጭፈራቸውን ጨፈሩ። ከዚያ መጣል ጀመሩ። ኳስ የያዘውን ሁሉ እየዘለሉ ይጥሉታል። የዌልስ ተጫዋቾች እየተጎዱ አንድ በአንድ ወጡ። ውጤቱ 16 ለ 13፣ ለሳሞአ። ከሳሞአ ነጥቦች አንዷ እስከ ዛሬ ታከራክራለች። ኳሷን ቀድሞ የነካው የኛ ሰው ነው ይላሉ ዌልሶች። ምስሉን ያየ ሰው ያምናቸዋል፤ ዳኛው ግን አጽድቋታል። ከጨዋታው በኋላ ዌልሶቹ ራሳቸው አንድ ቀልድ ፈጠሩ፦ «እንኳን ሳሞአ በሙሉ አልመጣብን!» ምክንያቱም የመጣው የምዕራቡ ክፍል ብቻ ነዋ።

ቀጥለው በአውስትራሊያ 9 ለ 3 ተሸነፉ። አውስትራሊያ ኋላ ዋንጫውን የወሰደች ቡድን ናት። አርጀንቲናን 35 ለ 12 አሸንፈው ሩብ ፍጻሜ ገቡ። እዚያ ስኮትላንድ 28 ለ 6 አሰናበተቻቸው።

በሚቀጥለው ዓመት ኦል ብላክስ በንስን ጠሩት። 30 ዓመቱ ነበር። ለአሥር ዓመት ያላየው ዓይን አሁን አየው። ከዚያ ወዲያ ለኒውዚላንድ 55 ዓለም አቀፍ ጨዋታዎች ተጫወተ። ማንዴላ የደቡብ አፍሪካን አረንጓዴ ማሊያ ለብሰው ዋንጫ የሰጡበትን የ1995 ፍጻሜ ታውቁታላችሁ። በተሸናፊው ወገን 13 ቁጥር የለበሰው እሱ ነው። በተጨማሪ ሰዓት 15 ለ 12 ተሸነፉ። በዓመቱ ኒውዚላንድ በደቡብ አፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ በተከታታይ ግጥሚያዎች አሸናፊ ሆና ስትመለስ እሱም ነበረበት። ያቆመው በ35 ዓመቱ ነው።

ልቡን አላውቅም። ካርዲፍ ላይ ስለ ኒውዚላንድ እያሰበ ይሆን አይሆን መናገር አልችልም። የማውቀው ገላውን ሳይሰስት መጫወቱን ነው። «ለትልቁ ቡድን ራሴን ልቆጥብ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር?

እኔ ቆጥቤ አውቃለሁ። በወጣትነቴ አንዲት አነስተኛ ጋዜጣ ላይ እሠራ ነበር። ከትልልቆቹ አንዱ እስኪጠራኝ ድረስ እንደ ዝናብ መጠለያ ነበር የማያት። አንድ ቀን የታችኛው ዲቪዚዮን ጨዋታ እንድዘግብ ተላክሁ። ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው 1 ለ 0 ነበር። ምን ይለወጣል ብዬ ተነስቼ ወጣሁ። 1 ለ 0 ብዬ ጻፍኩ፣ ታተመ። በማግስቱ አንድ ሽማግሌ ጋዜጣዋን አራት ላይ አጥፈው ቢሮ መጡ። አልጮኹም። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉትና ጣታቸውን ውጤቱ ላይ አሳርፈው፣ «ልጄ፣ እዚያ ነበርክ?» አሉኝ። ጨዋታው ያለቀው 1 ለ 2 ነው። ከሁለቱ ጎል አንዱን ያስቆጠረው የእሳቸው ልጅ ነው። ይቅርታ ጠየቅኩ፤ እሳቸው ግን ጋዜጣዋን መልሰው አጥፈው በኪሳቸው ከተቱና ሄዱ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን ልንገራችሁ፤ ምክሬ የየዋህ ምክር እንዳይሆን። በንስ ከአንዱ ማሊያ ወደ ሌላው የተሻገረው ሕጉ ስለፈቀደ ነው። ማይክል ጆንስ የሚባል ሌላ ተጫዋችም እንዲሁ ነው። በ1986 ለሳሞአ አንድ ጨዋታ ተጫውቶ በዓመቱ ከኒውዚላንድ ጋር የዓለም ዋንጫ አነሳ። እሁድ የማይጫወት አማኝ ነበር። የ1991ዱ ግማሽ ፍጻሜ እሁድ ላይ ዋለና ሳይሰለፍ ቀረ፤ ኒውዚላንድም ተሸነፈች። ይህንን ሰው ለብቻው ብጽፍበት ደስ ይለኛል።

ከ2000 ጀምሮ ግን ሕጉ ጠበቀ። አንድ ልጅ ለኒውዚላንድ የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃ ተቀይሮ ቢገባ፣ በቃ፣ ለእናቱ አገር መጫወት አይችልም። ብዙ የደሴት ልጆች በዚህ ተቀርቅረው ቀሩ። ጥቁሩ የኒውዚላንድ ማሊያ አይፈልጋቸውም፤ የአገራቸው ማሊያ ይፈልጋቸዋል፤ መሃል ላይ ወረቀት አለ። ሕጉ የላላው በ2022 ነው። ለሦስት ዓመት ለብሔራዊ ቡድን ያልተጫወተ ሰው፣ እሱ ወይም ወላጁ ወይም አያቱ ወደተወለዱበት አገር አንድ ጊዜ መዛወር ይችላል። ማላካይ ፌኪቶአ የሚባል ተጫዋች በ2015 ከኒውዚላንድ ጋር ዋንጫ ወስዷል። ለኒውዚላንድ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰለፈው በ2017 ነው። ለትውልድ አገሩ ለቶንጋ መጫወት የቻለው በ2022 ሆነ። አምስት ዓመት በስፖርተኛ ዕድሜ ሲቆጠር ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ልባችሁን ስጡ ስላችሁ ፊርማችሁንም ስጡ ማለቴ አይደለም። የሥራ ውልም ሆነ የትምህርት ዕድል ሲቀርብላችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህ በር ከኋላዬ ይቆለፋል ወይስ ገርበብ ብሎ ይቆያል? ከተቆለፈ ስንት ዓመት? ደሞዙን ሁሉም ይጠይቃል። ይህንን የሚጠይቅ ግን ብዙ አላየሁም።

አንዳንዱ እንዲህ ያሉትን ተጫዋቾች ቅጥረኛ ይላቸዋል። አልስማማም። ሳሞአ በ1992 ጎበዟን ስታጣ የተሰማት ቅሬታ ግን እውነተኛ ነው። ለዚያ መልስ የለኝም።

እኔ ዛሬም ስታዲየም ስገባ ዳኛው ወደ መልበሻ ክፍል እስኪገባ ድረስ ከወንበሬ አልነሳም። የልጅ ልጆቼ «አያታችን፣ መንገድ ይዘጋብናል እኮ» እያሉ ይነጫነጫሉ። ይዘጋብናልም።