የታር ጂዚፕ ጭራ ላይ ጽሑፍ አይቀጠልም

ጥያቄህ ባጭሩ ይሄ ነው። በየማታው በክሮን (ሥራን በሰዓቱ በሚያስነሳው ፕሮግራም) የሚነሳ ስክሪፕት አለህ። የሚያወጣውን ሪፖርት በታር ጂዚፕ የታመቀው (ታር ፋይሎችን አንድ ላይ ያስራል፣ ጂዚፕ ያምቃል) የወሩ ማህደር ውስጥ ባለው ሎግ፣ ማለትም መዝገብ ፋይል፣ ላይ እንዲጨምርልህ ፈለግክ። አሁን ስትፈታው ጂዚፕ ከኋላ ያለውን ቆሻሻ ትቼዋለሁ ይልሃል፣ ታር በስህተት ይወጣል፣ ሪፖርቱም የለም።

ገና መልእክቱን ሳየው ጠረጠርኩ። በሁለቱ ቀስቶች (>>) ፣ ማለትም ፋይል ጭራ ላይ በሚቀጥለው ምልክት፣ ቀጥታ የታመቀው ፋይል ላይ ጽፈሃል። ቆሻሻ የተባለው የአንተው ሪፖርት ነው።

መጀመሪያ ኮፒ ያዝ፣ ሌላ ዲስክ ላይ። ከዚያ በፊት ምንም አትንካ። ደግሞ 2 ቴራ ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ፍላሽ ላይ እንዳታደርገው! ውስጡ 32 ጊጋ ሆኖ ስንቱን አቃጥሏል፤ ሲሞላ እንኳን አይናገርም፣ ዝም ብሎ ፋይልህን ያበላሻል።

ቀጥሎ ኮፒውን ጂዚፕ በሌላ ስም እንዲፈታው አድርግ። ያው ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ታሩ ግን ሙሉውን ይወጣል። ሪፖርትህ ሳይታመቅ የታመቀው ኮፒ ጭራ ላይ ስለተቀመጠ በቴል (የፋይልን መጨረሻ በሚያወጣው ትእዛዝ) ከዚያ ታወጣዋለህ። የመጀመሪያው መስመር ፊት ላይ ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ካለ ቁረጠው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ልንገርህ፣ ይሄን ማውራት ደስ ይለኛል። ጂዚፕ መጨረሻው ላይ 8 ባይት አለችው፦ 4ቱ መፈተሻ ቁጥር፣ 4ቱ ሳይታመቅ የነበረው መጠን። ፈቺው እዚያ ሲደርስ ያመሳክርና ቀጥሎ ምን እንዳለ ያያል። ሌላ ጂዚፕ ካገኘ እንደ አንድ ፋይል አድርጎ ይቀጥላል፤ ሁለት ጂዚፕ በካት (ፋይሎችን በሚያያይዘው ትእዛዝ) አያይዘህ ሞክረው፣ ያለ ምንም ጣጣ ይፈታል። ግልጽ ጽሑፍ ካገኘ ግን ቆሻሻ ነው ይላል። እሺ፣ ሪፖርቱንም በጂዚፕ አሳልፌ ብጨምረውስ? ጂዚፕ ዝም ይልልሃል። ታር ግን ማብቂያውን የሚያውቀው በሁለት ባዶ ብሎኮች ነው፣ እያንዳንዳቸው 512 ባይት፣ ከእነሱ ወዲያ ያለውን ዞር ብሎም አያይ። ስህተቱም ይጠፋል፣ ሪፖርቱም ይጠፋል። ይሄ ይብሳል።

በፊት ስክሪፕቱን «ያስተካከለልህ» ልጅ የስህተት መልእክቱን በሙሉ ወደ ዴቭ ነል፣ የገባበት ሁሉ ወደሚጠፋበት ቦታ፣ ልኮታል። ይሄ ጥገና ነው? የዳሽቦርድ መብራት ላይ ፕላስተር መለጠፍ ነው እንጂ! ሦስት ወር ሳታውቅ የቆየኸው በእሱ ነው። ያችን መስመር አጥፋት።

ከአሁን በኋላ ሎጉን ከማህደሩ ውጪ ተራ ጽሑፍ አድርገህ አኑረው፣ እዚያ ላይ እንደልብህ ቀጥል፣ በወሩ መጨረሻ አንዴ እመቀው። የግድ ውስጥ ይሁን ካልክ መፍታት፣ መጨመር፣ በጊዜያዊ ስም እንደገና ማመቅ ነው። ማህደር ላይ ፋይል የሚጨምረው የታር አር (-r) አማራጭ የታመቀ ላይ እምቢ ይላል፤ ባልታመቀው ላይም ሌላ ፋይል ከኋላ ይጨምራል እንጂ የነበረውን ፋይል አያስረዝምም። አዲሱን ማህደር በጂዚፕ ቲ (-t፣ ደህንነቱን የሚፈትሽ አማራጭ) ፈትሽና ስሙን ወደ አሮጌው ስም ቀይር። ስታምቅ መብራት መሃል ላይ ከሄደ አሮጌው ይተርፍሃል። ያም ሆኖ ኮፒውን ሳትይዝ እንዳትጀምር።