በመስኮት አጠገብ ለሚተከል ቃሪያና ቲማቲም የዕቃ መጠን እንዴት ይመረጣል?

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ከደብረ ማርቆስ የጻፉትን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በመስኮት አጠገብ፣ በሁለት ሊትር ሀይላንድ ከተከሏቸው ስድስት የቃሪያ ችግኞች አራቱ ስንዝር ሳይሞሉ ጠውልገው እንደ ደረቁ፣ ጎረቤትዎም «ዕቃው ጠብቧቸው ነው» ብለው ለቀሩት ሁለቱ 50 ሊትር የሚይዝ በርሜል እንዲገዙ እንደ መከሩዎት ገልጸዋል። እኔ ባሕር ዳር ላይ በቤት ውስጥና በበረንዳ አትክልት ማልማት ከጀመርሁ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ከዚያ ልምድ ተነሥቼ በቅድሚያ የምለምንዎት በርሜሉን እንዳይገዙ ነው።

ጎረቤትዎ የመከሩዎትን እኔ በመጀመሪያው ዓመት አድርጌው ነበር። ሦስት የቃሪያ ችግኞችን ለእያንዳንዳቸው 40 ሊትር ያህል የሚይዝ ሰፊ ሳፋ ገዝቼ፣ አፈሩን እስከ አፉ ሞልቼ፣ ጠዋት ጠዋት ውኃ አጠጣ ነበር። በአንድ ወር ውስጥ ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ረገፈ። አንዱን ነቅዬ ሳፋውን ስገለብጠው፣ ከላይ ሁለት ጣት ያህል የነበረው አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከሥሩ ያለው ግን እንደ ጭቃ የላቆጠ፣ ጠቁሮ እንደ ረጋ ቦይ ውኃ የሚሸት ነበር። የችግኙ ሥር ከሕፃን ጭብጥ አይበልጥም፤ ጫፉም ቡናማ ሆኖ በጣት ሲነካ ይላጣል። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ ዕቃ የምመርጥበት መለኪያ ሆኖልኛል፤ ይኸውም ዕቃው መመጠን ያለበት ተክሉ ወደፊት በሚደርስበት ቁመት ብቻ ሳይሆን አሁን በቀን ውስጥ መጥጦ በሚጨርሰው ውኃ ልክ መሆኑ ነው። ትንሽ ሥር በብዙ አፈር መካከል ሲቀመጥ ውኃውን የሚጠጣው የለም፤ ያልተጠጣ ውኃ የአፈሩን አየር ያባርራል፣ አየር ያጣ ሥር ደግሞ ይበሰብሳል። ቤት ውስጥ ብርሃኑ ከሜዳው ያነሰ ስለሆነ ተክሉ የሚጠጣው ውኃም ያንሳል፤ ስለዚህ ከቤት ውጭ የማይጎዳው ትልቅ ዕቃ ቤት ውስጥ ሊገድለው ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጥልቀት ነው። ሰዎች ስለ ዕቃ ሲጠይቁ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ብቻ ይጠይቃሉ፤ እኔ ግን ቁመቱን አስቀድማለሁ። ምክንያቱን ለማየት የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውኃ ውስጥ ነክረው በጠፍጣፋው በመዳፍዎ ላይ ያስቀምጡት። መንጠባጠቡን ሲያቆም ሳይጨምቁ ቀስ ብለው በቁመቱ ያቁሙት፤ እንደገና ውኃ መልቀቅ ይጀምራል። ስፖንጁም ውኃውም ያው ነው፤ የተለወጠው ቁመቱ ብቻ ነው። አፈርም እንደዚሁ ነው። ቀዳዳው የቱንም ያህል ቢበዛ ከዕቃው ግርጌ ላይ ውኃ ይዞ የሚቀር ንብርብር አለ፤ የዚህ ንብርብር ውፍረት የሚወሰነው በአፈሩ ዓይነት እንጂ በዕቃው ስፋት አይደለም። ይህ ንብርብር አምስት ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ሳፋ ውስጥ የአፈሩን ሲሶ ረግረግ ያደርገዋል፤ 35 ሳንቲ ሜትር በሚሆን የቀለም ባልዲ ውስጥ ግን ከሰባት አንዱን ብቻ ይይዛል። እኔን የጎዳኝ የሳፋው ትልቅነት ብቻ ሳይሆን ጠፍጣፋነቱም ነበር።

ከዚሁ ጋር አንድ የተለመደ ስሕተት ላንሣ። ብዙዎቻችን ውኃው እንዲያልፍ ብለን ከግርጌ ጠጠር እናነጥፋለን። ውኃ ግን ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚወርደው አፈሩ ጠግቦ መያዝ ሲያቅተው ነው። ስለዚህ ጠጠሩ ረግረጉን ወደ ላይ፣ ወደ ሥሩ ከፍ ያደርገዋል፤ የአፈሩንም ቦታ ይሻማል። ጠጠሩን ትተው በጋለ ምስማር ስድስት ወይም ስምንት ቀዳዳ ቢበሱለት የተሻለ ነው።

ለየተክሉ የምጠቀምበትን መጠን ልንገርዎ። ቃሪያ ሲያድግ 10 ሊትር ይበቃዋል፤ እስከ 12 ሊትር ቢያገኝ ደስ ይለዋል፤ ከዚያ በላይ ስሰጠው ግን በፍሬው ላይ ልዩነት አላየሁም። አጭር ሆኖ የሚቆም እንደ ሮማ ያለ ቲማቲም ከ15 እስከ 20 ሊትር፣ በእንጨት ተደግፎ ያለማቋረጥ የሚረዝመው ዓይነት ደግሞ ከ20 ሊትር የማያንስ ይፈልጋል። ቲማቲም በጠባብ ዕቃ ውስጥ ሲሆን አፈሩ በቀን ውስጥ ደርቆ ማታ ስለሚረጥብ፣ ይህ መዋዠቅ ካልሲየም ወደ ፍሬው በአግባቡ እንዳይደርስ ያደርገዋልና የፍሬው ቂጥ ይጠቁራል። የሐበሻ ጎመን ለአንድ እግር 8 ሊትር ያህል ይበቃዋል። በሶብላና ድንብላል በአምስት ሊትር የዘይት ጄሪካን ይመቻቸዋል። ሰላጣ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ካገኘ ስለሚበቃው፣ ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጄሪካን በጎኑ አስተኝተው ከላይ ቢቆርጡት ለአራት እግር ይሆናል። ያንኑ ጄሪካን አቁመው ከትከሻው ሲቆርጡት ግን እኔ በለካሁት 16 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ለአንድ ሮማ የምመርጠውም እርሱን ነው። የዕቃዎን ልክ ካላወቁ ሳይበሱት በፊት በአንድ ሊትር ጠርሙስ ውኃ እየቆጠሩ ይሙሉት። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ ግን ቢያጥቡትም ለሚበላ ነገር አይጠቀሙበት።

ወደ መጨረሻው ዕቃ የሚደረሰው በደረጃ ነው። ዘሩን በቡና ሲኒ ልክ በሆነ ነገር አበቅለዋለሁ፤ አራት እስከ ስድስት እውነተኛ ቅጠል (ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የዘር ቅጠሎች በኋላ የሚመጣውን) ሲያወጣ ወደ ሁለት ሊትር አዛውረዋለሁ። ከዚያ ወደ 10 ሊትሩ የማሻግረው ቀን ቆጥሬ ሳይሆን ሥሩን አይቼ ነው፤ ነጭ ሥር ከቀዳዳው ብቅ ሲል፣ ዕቃውን ዘንበል አድርጌ ስስበውም አፈሩ ሳይፈርስ እንደ ድፎ ዳቦ ተያይዞ ሲወጣ ጊዜው ደርሷል። ዘግይተው ከደረሱና ሥሩ በዕቃው ዙሪያ እንደ ገመድ ተጠምጥሞ ካገኙት በጣትዎ ፈታ ፈታ ያድርጉት፤ አለዚያ በአዲሱም ዕቃ ውስጥ ያንኑ ክብ መዞሩን ይቀጥላል።

ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ክብደቱም ይታሰብ። ውኃ የጠጣ 20 ሊትር አፈር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ 50 ሊትሩ በርሜልማ አንዴ ከተቀመጠ በኋላ የሚነቃነቅ አይደለም። በእኛ አገር ደግሞ ዕቃውን ማንቀሳቀስ ግድ ነው። ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ ያህል ላይ ስለሆነች፣ ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ በእኩለ ቀን ወደ ደቡብ ያዘነብላል፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግን ወደ ሰሜን ይዞራል። በጥር ፀሐይ የሞላበት የደቡብ መስኮት በግንቦት ጥላ ይሆናል ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻውን አንሥቶ ከመስኮት ወደ መስኮት የሚያዛውረው 10 ሊትር ዕቃ ከበርሜሉ ይልቅ ዓመቱን ሙሉ ብርሃን ያገኛል።

ስለ አፈሩ በአጭሩ ልበል። በአካባቢያችሁ የሚበዛው መረሬ (ጥቁሩ አፈር) ለጤፍ የተባረከ ነው፤ በዕቃ ውስጥ ግን ሲደርቅ ተኮማትሮ ከዕቃው ግድግዳ ይለያል፤ የሚያጠጡት ውኃም ሥሩን ሳይነካ በስንጥቁ ወርዶ ያልቃል። ቀይ አፈር፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግና ሻካራ አሸዋ እኩል እኩል ይቀላቅሉ። እኔ በአሸዋው ፈንታ ከፎገራ በኩል የሚመጣ የሩዝ ገለፈት እጨምራለሁ፤ ይህም ዕቃውን ያቀልልኛል።

አሁን ወደ ሁለቱ ቃሪያዎችዎ ልመለስ። ስንዝር ላልሞላ ችግኝ ሁለት ሊትር አይጠበውም። ዘቅዝቀው የተከሉበትን የሀይላንዱን ክዳን ብቻ በአንድ ቀዳዳ እንደ በሱትና ጠዋት ጠዋት እንደሚያጠጡ ጽፈዋል፤ የደረቁት አራቱ ሥራቸው ታፍኖ ይመስለኛል፤ የደረቁበትን አፈር ዘርግፈው ቢያሸቱት ያረጋግጡታል። ለቀሩት ክዳኑን አውልቀው በምትኩ ጨርቅ ይወትፉ፤ በጎኑም ከታች በኩል አራት ቀዳዳ ይጨምሩ። ከዚያ በኋላ ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ሰደው ካልደረቀ በቀር አያጠጡ። ማርቆስ ከባሕር ዳር ይልቅ ደጋ ስለሆነች፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከመስታወቱ ክንድ ያህል አርቀው ያሳድሯቸው፤ በብርድ ጊዜ ቃሪያ እድገቱን ስለሚያቆም ውኃውም በዚያው ልክ ይቀነስለት። አዲስ ቅጠል አውጥተው ሥራቸው ከቀዳዳው ሲታይ ለእያንዳንዳቸው አንድ 10 ሊትር ባልዲ ይግዙላቸው።