የጣና ዳር ጥያቄና መልስ፦ አሥራ አንድ ሰው፣ ስድስት ዘንግ፣ አንድ ቀን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ወንድሜ እንግሊዝ አገር ነው የሚኖረው። እዚያ በብርዱ ወራት ከጓደኞቹ ጋር ወንዝ እየወረደ «ግሬይሊንግ» የሚባል ዓሣ ያጠምዳል። ፎቶውን እየላከ አስቀንቶናል። ዘንድሮ ከታኅሣሥ 14 እስከ ጥር 8 አገር ቤት ነው፤ ሁለት የሥራ ጓደኞቹንም ይዞ ይመጣል። «ባሕር ዳር ሄደን አንድ ቀን እንደዚያ እናጥምድ፣ አንተ አዘጋጅ» ብሎ ጣለብኝ። እናታችን፣ ሁለት ሕፃናትና የአክስቶቼ ልጆች ሲደመሩ 11 ነን። ስድስት ዘንግ ይዞ ይመጣል። ወንዝ ውስጥ ገብተው የሚቆሙበት ረጅም የጎማ ሱሪም አለው። ከእሱና ከጓደኞቹ በቀር ዘንግ ይዞ የሚያውቅ የለንም። ከየት ልጀምር?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ከቀኑ ጀምር። ቦታውም ዘንጉም ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

ወንድምህ የሚገባው ጾመ ነቢያት ላይ ነው። ጾሙ የሚፈታው ታኅሣሥ 29 ነው። በጾም ዓሣ ይበላል፣ አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም፤ እኛ ቤት ራሱ ሁለት ወገን አለ። ነገር ግን ግማሹ ሲበላ ግማሹ ምራቁን እየዋጠ የሚያይበት ምሳ ደስ አይልም። በሌላ በኩል ጥር 10 ከተራ ነው፣ ጥር 11 ጥምቀት። በዚያ ሰሞን ባሕር ዳር አልጋ በልመና ነው፣ ጀልባ ደግሞ በወረፋ። ስለዚህ ከጥር 1 እስከ 7 ባለው ጊዜ ሰኞ፣ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ያዝ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የሐይቁ ዳር በሰው ይሞላል፤ ስድስት ዘንግ ወዲያና ወዲህ ሲወረወር የሰው ጆሮ መንጠቆ ላይ እንዳይቀር።

አሁን ወደ ዓሣው። ግሬይሊንግ ጣና ላይ እንደሌለ ለወንድምህ ከወዲሁ ቁርጡን ንገረው። የትራውት ዘመድ ነው፤ ጀርባው ላይ እንደ ሸራ የቆመ ትልቅ ክንፍ አለው፣ ቀዝቃዛ፣ ንጹሕና የሚፈስ ውኃ ይወዳል። የግድ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ማጥመድ አለብኝ ካለ ባሌ ይሂድ፤ እነ ዌብና ዳንካ ወንዝ ላይ ድሮ ከውጭ የመጣ ትራውት አለ። ባሕር ዳር ግን ሌላ ነው።

አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር ግን አለ፤ እኔም ዕቅዱን የወደድኩት ለዚህ ነው። እንግሊዞቹ ግሬይሊንግን በብርዱ ወራት የሚያጠምዱት ዓሣው የሚራባው በጸደይ ስለሆነ ነው። ትራውት ማጥመድ በሚከለከልበት ወቅት እሱ ጠግቦ፣ ወፍሮ ይገኛል። የእኛም ነጭ ዓሣ እንደዚሁ ወቅት አለው። ብዙዎቹ ዝርያዎች በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎች ገባር ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። ጥር ላይ ሁሉም ወደ ሐይቁ ተመልሷል። ስለዚህ በዚህ ወር ብታጠምድ የምትይዘው እንቁላሏን ልትጥል የምትሄድ እናት አይደለችም።

ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት እንዳይመስልህ። ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ 15 ያህል ዝርያዎች አሉ። ገሚሱ ሌላ ዓሣ አሳዶ የሚበላ ነው፤ ነጭ ዓሣ በሚመደብበት ቤተሰብ ይህ ብርቅ ነው፣ ተመራማሪዎች ከሩቅ አገር እየመጡ ያጠኑታል። የወንድምህ ጓደኞች በሚያብረቀርቀው ማንኪያ መሰል ብረታቸው የሚይዙት እነዚህን አዳኞች ነው። ከነጭ ዓሣ ሌላ ቀረሶና አምባዛ አሉ። ቀረሶ አፉ ትንሽ ስለሆነ ትንሽ መንጠቆ ይፈልጋል፤ የመሬት ትል ወይም ጠንከር ያለ ሊጥ ይበቃዋል። አምባዛ ሽታ ይወዳል፤ የዶሮ አንጀት፣ ጉበት፣ ምንም ቢሆን ይወስዳል።

ሰውን በተመለከተ የእኔ ምክር አንድ ነው፦ 11ዱንም አንድ ላይ አታቁም። ስድስት ሰው ተደርድሮ ዘንግ ሲወረውር ክሩ እርስ በርስ ይተበተባል፣ ሕፃናቱ ይሰለቻሉ፣ ዓሣውም ይርቃል። ሦስት ዘንግ ለአንድ ጊዜ ይበቃል። አንድ የሚያውቅ፣ አንድ የሚማር፣ እንዲህ ሁለት ሁለት ሆነው ሃያ ሃያ እርምጃ ተራርቀው ይቁሙ። በየሰዓቱ ይቀያየሩ። ቀሪው ሦስት ዘንግ የመንጠቆ መቀጠያና የክር መፍቻ ጊዜ ሳይባክን ለመተካት ይሁን።

እናትህን ደግሞ ስድስት ሰዓት ሙሉ ድንጋይ ላይ አታስቀምጥ። ከሐይቁ ጀርባዋን ሰጥታ ስልክ ስትነካካ ብታገኛት አትፍረድባት። ደብረ ማርያም ደሴት ቅርብ ነው፣ ሴቶችም ይገባሉ። ክብራን ገብርኤል ግን ሴት አያስገባም፤ ይህን ሳታውቅ ይዘሃት እንዳትሄድ። ዘንግ ያልያዙት ከእሷ ጋር በጀልባ ደርሰው ይምጡ። ከጀልባው ባለቤት ጋር ስትነጋገር ሦስት ነገር አስቀድመህ ጨርስ፦ መሄጃውና መመለሻው፣ የመጠበቂያው ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የሕይወት አድን ጃኬት። ሦስተኛው ላይ «አያስፈልግም፣ ውኃው ጸጥ ያለ ነው» ካለህ ሌላ ጀልባ ፈልግ። ደንገል ታንኳ ላይ ለፎቶ መቀመጥ ይቻላል፤ ዘንግ ይዞ መውጣት ግን ለለመደው ሰው ነው።

ሰዓቱን ነፋሱ ነው የሚወስነው። ጣና ጠዋት ጠዋት ረጋ ይላል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉም ይመጣል። ሥራው ሁሉ ከአንድ ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ይለቅ። ወንድምህ ግን ከጎህ በፊት እንውጣ ይልሃል፤ የዓሣ አጥማጆች ልማድ ነው። እዚህ ጋ እምቢ በል። ምክንያቱ ጉማሬ ነው።

ጉማሬ ሌሊቱን ሣር ሲግጥ አድሮ ጎህ ሲቀድ ወደ ውኃ ይመለሳል። መመለሻ መንገዱ ላይ የቆመ ሰው ካገኘ አይዞርም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ዛሬም ጉማሬ አለ። ጥር ላይ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ከ50 ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት ዳር ላይ አትገኙ። ቦታ ስትመርጡም መሬቱን እዩ። ደንገሉ መሃል ወደ ውኃው የሚወርድ፣ በሁለት ጎን የተረገጠ ሰፊ ጭቃማ ቦይ ካያችሁ፣ በአጠገቡም የተበተነ ፋንድያ ካለ፣ የጉማሬ በር ነውና ሌላ ቦታ ሂዱ። ቦታውን የሚያውቅ አንድ የሰፈሩ አስጋሪ ከእናንተ ጋር ቢውል ከሁሉም ይሻላል። የቀን ገቢውን አስባችሁ ክፈሉት፤ ጨዋታው ብቻ ይበቃችኋል።

የጎማ ሱሪው አዲስ አበባ ይቅር። ውኃ እንደማያስገባ አውቃለሁ። ግን የጣና ዳር የእንግሊዝ ወንዝ አይደለም፤ እግርህ የሚያርፍበት ጠጠር ሳይሆን ጭቃ ነው፣ ጉልበት ድረስ ይይዝሃል። ወደ ዓባይ የሚወጣውን ውኃ በ1988 ዓ.ም. ገደማ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ ነው የሚቆጣጠረው፤ በሩ ሲከፈት ከታች ያለው ውኃ ከፍ ይላል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሕፃናቱ ናቸው። አጎታቸው ውኃ ውስጥ ቆሞ ሲያዩ እነሱም ባዶ እግራቸውን ይከተሉታል። ጥልቀት የሌለው፣ ሣር የበዛበት የጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለበት። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚወደው ያንኑ ሕፃናት የሚንቦጫረቁበትን ቦታ ነው። ሁሉም ከደረቅ መሬት ያጥምድ፣ እጅ መታጠቢያ ውኃ በጀሪካን ይያዝ።

ያም ሆኖ ወንድምህ የሚያውቀው አሠራር እዚህም ይሠራል። ግሬይሊንግ የሚያጠምዱት ክሩ ላይ የታሰረውን ተንሳፋፊ ወደ ወንዙ ጥለው፣ ክሩን ቀስ እያሉ እየለቀቁ፣ ውኃው ራሱ ይዞት እንዲወርድ በማድረግ ነው። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ረጋ ብሎ በሚፈስበት ቦታ ይኸው ይሞከር። ትሉ መሬቱን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው እንዲንጠለጠል ክሩን ለካው። ተንሳፋፊው ሲወርድ ክሩን በጣትህ በትንሹ ያዝ አድርገህ ልቀቅ፤ ያኔ ትሉ ከተንሳፋፊው ቀድሞ ይሄዳል፣ ዓሣውም ከክሩ በፊት ትሉን ያያል። ነጭ ዓሣ ሲነካው ተንሳፋፊው ተፍ ተፍ አይልም፣ ስምጥ ነው። ቀረሶ ግን ይቀማምሳል፤ እሱ ላይ መቸኮል አያስፈልግም።

ከመውጣታችሁ በፊት የመንጠቆዎቹን የኋላ ጥርስ በፒንሳ ጨፍልቁት። ሕፃን ጣቱን ቢወጋ በቀላሉ ይወጣል፤ የምትለቁትን ዓሣም አይቦጭቀውም። የምትለቁትን በእርጥብ እጅ ያዙት፣ ፎቶው አይርዘም። ወንድምህ ይህን ያውቀዋል፤ ግሬይሊንግም ሲለቀቅ ትንፋሹ እስኪመለስ ውኃው ውስጥ ደገፍ አድርገው ነው የሚይዙት። ቀረሶን ስትይዙ መዳፋችሁን ከራሱ ወደ ጭራው አንሸራትታችሁ የጀርባውን እሾህ አስተኙት። አምባዛም ከራሱ ኋላ በግራና በቀኝ የሚወጋ አጥንት አለው፤ እሱን ለአስጋሪው ተዉለት።

ፈቃድን በተመለከተ፦ ዓሣ ማስገር ሕግ አለው። የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው፣ ክልሉም የራሱ አለው። በዘንግ ለመዝናናት ቢሆንም አስቀድማችሁ የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። አካባቢው ከ2007 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነውና ከእናንተ በኋላ ክርና ፌስታል እንዳይቀር። የተጣለ ናይለን የወፍ እግር ይጠልፋል። ከከተማ ወጣ ብላችሁ ወደ ጢስ ዓባይ አቅጣጫ ለመሄድ ካሰባችሁ ደግሞ የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ቀን ጠዋት ጠይቁ።

ምሳውን በምታጠምዱት ዓሣ ላይ አትመሥርት። ይህን አጥብቄ እነግርሃለሁ። 11 ሰው ሆዱን ይዞ ሦስት ዘንግ ሲያይ ጨዋታው ወደ ሥራ ይለወጣል። ጠዋት ከአስጋሪዎች ላይ በቂ ቀረሶ ግዛ፣ ለሚጠብስልህ ቤት ስጥ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ድረሱ። እናንተ የያዛችሁት ተጨማሪ ይሆናል። ቀረሶ አጥንቱ ጥቂት ነው፣ ለሕፃናት ይሆናል። ነጭ ዓሣ ይጣፍጣል፤ ግን ሥጋው ውስጥ ቀጫጭን አጥንት ይበዛበታል፣ ለእነሱ አትስጥ። አምባዛን ቅርፊት ስለሌለው ብዙ ኦርቶዶክሶች አይበሉትም፤ ከዘመዶችህ መካከል ማን ምን እንደሚል ሳታጣራ ከሌላው ጋር በአንድ መጥበሻ እንዳታስጠብሰው። ሎሚና ሚጥሚጣ ከቤት አይረሳ። እንግዶቹ ሚጥሚጣውን ለየብቻ ይቅረብላቸው።

ልብስ፦ ጠዋት ብርድ አለ፣ ጋቢ ይያዝ። ሦስት ሰዓት ላይ ትጥሉታላችሁ። ከዚያ በኋላ ችግሩ ፀሐይ ነው፣ በተለይ ለፈረንጆቹ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኛ ሰፈር ወጣቶች በየዓመቱ ክረምት ማብቂያ ላይ ተሰብስበው ርብ ይወርዳሉ። ብርብራ የሚባለውን ዛፍ ፍሬ ወቅጠው ውኃው ላይ ይበትኑና የሰከረውን ዓሣ ይለቅማሉ። የአባቶች ዘዴ ነው ይላሉ። ምን ትያለሽ?
አንባቢ፣ ከወረታ

መልስ፦ ይቅር እላለሁ። ብርብራ ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ ድስት ለማይገባው፣ ለማይበላው ጫጩት ዓሣ ሁሉ ይተርፋል። ወቅቱ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ነጭ ዓሣ ርብ የሚወጣው ለመራባት ነው። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በተደረገ ጥናት ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች መጠን በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። ዋናው ምክንያት ወንዞቹ አፍ ላይ የሚጣለው መረብ ነው፤ ብርብራም ይጨምርበታል። አባቶች መረብ፣ ሞተርና ይህን ሁሉ በላተኛ አንድ ላይ አላዩም። ልጆቹ መሰብሰቡን አይተዉት፤ ወሩን ወደ ጥር ያዙሩት። በበጋ ርብ በመስኖ ስለሚጠባ ዓሣ አይገኝበትም፣ ስለዚህ ወደ ሐይቁ ዳር ወርደው በመንጠቆ ይሞክሩ። እምቦጭ በሸፈነው በኩል ግን መንጠቆ አይጣልም፤ ሥሩ ክሩን አይለቅም።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በመኪና ዓሣ ሳይበላሽ ማድረስ ይቻላል?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ይቻላል። እንደተያዘ አንጀቱን አውጡ፣ ጉሮሮው ውስጥ ያለውን ቀይ መተንፈሻ ስንጥብ ጨምራችሁ፤ መጀመሪያ የሚሸተው እሱ ነው። አጥባችሁ አድርቁት። በረዶ ከታችም ከላይም አድርጉ፣ የሚቀልጠው ውኃ እንዲወርድ ሣጥኑን በትንሹ አዘንብሉት። ጠዋት ተነሱ። መንገድ ላይ ቆማችሁ ምሳ የምትበሉ ከሆነ መኪናውን ጥላ ሥር አቁሙ።