የእህቴን ቁስል ለነጥብ አነበብኩት

ውድ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ቺካጎ መኖር ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ከቤቴ በቀይ መስመር ባቡር አራት ጣቢያ ርቆ አንድ መጠጥ ቤት አለ። ረቡዕ ረቡዕ ማታ ግጥም ይነበብበታል። መጀመሪያ የፈለገ ሁሉ ስሙን አስመዝግቦ የሚያነብበት ክፍት መድረክ ነው። ከዚያ ውድድሩ ይቀጥላል፤ ስላም ይሉታል። ከታዳሚው መካከል አምስት ሰዎች ዳኛ ይሆኑና እያንዳንዱ ግጥም እንዳለቀ ነጥባቸውን በካርቶን ላይ ጽፈው ከፍ አድርገው ያሳያሉ።

መጀመሪያ የሄድኩት የሥራ ባልደረባዬ ልደቷን ስታከብር ነው። ከዚያ በኋላ ረቡዕን ሳልናፍቅ የዋልኩበት ሳምንት የለም። ከልጅነቴ ጀምሮ በደብተር ጀርባ ግጥም እጽፍ ነበር፤ ለሰው ግን አንብቤ አላውቅም። እዚያ ቤት አነጋገሬን ሳይንቁ አዳመጡኝ። በዚህ አገር ሰው መሆኔ የተሰማኝ ማይክሮፎኑ ፊት ስቆም ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልግባ። እናታችን ስታርፍ የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እታለም የምላት ታላቅ እህቴ ትምህርቷን አቋርጣ ቤይሩት ሄደች፤ ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠራች። በየወሩ 100 ዶላር ትልክልን ነበር። ከአክስታችን ጋር ባንክ ተሰልፈን እንቀበላለን፤ ከዚያው ላይ የእኔ ትምህርት ቤት ይከፈላል። ከተመለሰች በኋላ አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሻማ ለኩሰን ተቀምጠን ሳለ እዚያ ቤት የደረሰባትን ነገረችኝ። ለሌላ ሰው ተናግራው አታውቅም። እኛም ከዚያ ሌሊት በኋላ አንስተነው አናውቅም።

ባለፈው ዓመት ያንን ሌሊት በእንግሊዝኛ ግጥም አደረግሁት። መጨረሻው ላይ ብቻ ሁለት የአማርኛ ስንኞች አሉ፦

ባሕሩን ተሻግራ ልካልኝ ለደብተር፣
እኔ ፊደል ቆጠርኩ እሷ ቀን ስትቆጥር።

የመጀመሪያውን ቀን ሳነበው እየተንቀጠቀጥኩ ነበር። ከ30 ነጥብ 29.4 ሰጡኝ። ቤቱ ቆሞ አጨበጨበ። ሁለት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት። በሦስተኛው ጊዜ የት ላይ ድምፄን ዝቅ እንደማደርግ፣ የት ላይ ዝም ብዬ እንደምቆይ የዳኞቹን ፊት እያየሁ አስተካክዬው ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ታዳሚ በስልኩ ቀርጾ ለቀቀው። ከቴሌግራም ቴሌግራም ሲዞር አዲስ አበባ ደረሰ፤ እንግሊዝኛ የሚችል የጎረቤት ልጅ ለእህቴ ተረጎመላት። ደወለችልኝና «እኔ እኮ ለአንቺ ነው የነገርኩሽ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ሁለት ወር ሆነ፤ ስደውል አታነሳም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የፍጻሜ ውድድር አለ፤ ያሸነፉት በከተማው ቡድን ውስጥ ይገባሉ። የመድረኩ መሪ «ያንን ግጥም ካላነበብሽ ዕድል የለሽም» ይለኛል። ጓደኞቼ ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ ሆነሻል ይሉኛል። አንድ ምሽት የማላውቃት አበሻ ልጅ ከመድረክ ስወርድ አቅፋኝ «እኔም ዱባይ ነበርኩ» ብላ አለቀሰች። እሷን ሳስብ ግጥሙን መተው ኃጢአት ይመስለኛል። እህቴን ሳስብ ደግሞ ማንበቤ ኃጢአት ይሆንብኛል። ላንብበው ወይስ ልተወው? እታለምንስ እንዴት ይቅርታ ልጠይቃት?

ታናሽ እህት፣ ከቺካጎ

—

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባብ እታለም እዚያ ቤት ምን እንደደረሰባት እንዳልጻፍሽልኝ ልብ አልኩ። ባንኩን፣ ሻማውን፣ የጎረቤት ልጅን ሳይቀር ነግረሽኝ እሱን ዘለልሽው። ማንም ሳይነግርሽ ነው የዘለልሽው። ስለዚህ የምመልስልሽን ግማሹን አስቀድመሽ የምታውቂው ይመስለኛል።

ያንን ግጥም በፍጻሜው ምሽት አታንብቢው። ምናልባት አንድ ቀን እህትሽ ራሷ «አንብቢው» ትልሽ ይሆናል፤ እስከዚያ ድረስ ደብተርሽ ውስጥ ይቀመጥ።

ስለምትወጂው መድረክ ትንሽ ላውራሽ፤ የተወለደው አንቺ በምትኖሪበት ከተማ ነውና። ማርክ ስሚዝ የሚባል የግንባታ ሠራተኛ ገጣሚ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የግጥም ንባብ ምሽቶች እንቅልፍ የሚያስይዙ ሆነው አገኛቸው። አንባቢው ወረቀቱ ውስጥ ተደብቆ ያነበንባል፤ አድማጩም አፍሮ ያጨበጭባል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1986 በብሮድዌይ ጎዳና ላይ በሚገኘው ግሪን ሚል የጃዝ ቤት እሑድ ማታ የሚካሄደውን ስላም ጀመረ። የዳኝነቱን ሥልጣን ለጠጪው ሰጠው። ዳኞቹ በዕጣ እንደመጣ የሚመረጡት፣ ምናልባትም ግጥም አንብበው የማያውቁት፣ ገጣሚው ሕዝቡን ረስቶ እንዳይራቀቅ ተብሎ ነው። ስሚዝ ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ ስሙን ሲናገር ቤቱ በአንድ ድምፅ «ታዲያ ምን ይሁን!» ብሎ ይጮህበታል። ይህን ልማድ እወደዋለሁ፤ መድረክ ላይ የቆመው ሰው ከተቀመጠው እንደማይበልጥ ያስታውሰዋል።

ነጥቡ እንግዲህ ቤቱን ለማንቃት የተፈጠረ ጨዋታ ነው። ከአምስቱ ዳኞች ትልቁንና ትንሹን ጥለው የቀሩትን ሦስቱን ይደምራሉ። ምሽቱ እየገፋ፣ ብርጭቆው እየተደጋገመ ሲሄድ ነጥቡ ከፍ እያለ እንደሚሄድ በዚያ መድረክ የቆየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለዚህም ነው ከውድድሩ በፊት ዳኞቹ እጃቸውን የሚያሟሹበት ተወዳዳሪ ያልሆነ ሰው የሚያነበው። አንቺ በ29.4 ውስጥ የእህትሽን ሕመም ክብደት ያየሽ መስሎሻል። ያየሽው የአንድ ረቡዕ ማታ የሞቀ ቤት ነው።

የውድድሩን ደንብ ደግሞ አስታውሺ። ሦስት ደቂቃ ካለፈ ነጥብ ይቀነሳል። ጌጠኛ ልብስ፣ ቁሳቁስ፣ የሙዚቃ መሣሪያ አይፈቀድም። ግጥሙ የአንባቢው የራሱ ሥራ መሆን አለበት። ቃሉ የማን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሕይወቱ የማን እንደሆነ ግን አይጠይቅም። ያንን መጠየቅ ለአንቺ የተተወ ነበር፤ ሳትጠይቂ አለፍሽው። ያሳዘነኝ ግን የመጀመሪያው ንባብ አይደለም። ያን ቀን እየተንቀጠቀጥሽ ነበርና ምን እንደያዝሽ ታውቂ ነበር። ያሳዘነኝ ሦስተኛው ነው። የእህትሽ ስቃይ የትኛው ላይ ሲደርስ ዳኛው እስክሪብቶውን እንደሚያነሳ ለክተሽ ያነበብሽው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም ያልሽውን ለእኔ ስለነገርሽኝ ግን አከብርሻለሁ፤ ከዚህ በኋላ የምጽፍልሽንም ትሸከሚዋለሽ ብዬ እንዳምን ያደረገኝ እሱ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በነጥብ ላይ እንዳትጭኚው። አዲስ አበባ ራስ ሆቴል ውስጥ በየወሩ ይደረግ በነበረው የግጥም በጃዝ ምሽት ተገኝቻለሁ። እዚያ ዳኛ አልነበረም፤ ካርቶን የሚያነሳ አልነበረም። ጭብጨባ ግን ነበር፤ ጭብጨባም ሰውን ይጠራዋል።

በእኛ ዘንድ የሌላውን ሕይወት በግጥም ማውጣት አዲስ ነገር አይደለም። ለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርደውን ሴት አስቢያት። ከመጀመሯ በፊት ወደ ቤተ ዘመድ ጠጋ ብላ የሟችን ስም፣ ሙያውን፣ የተዋቸውን ልጆች ትጠይቃለች። ስታወርድም የሟች እናት ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች። ያልተገባ ነገር ከአፏ ቢወጣ እዚያው ይታወቃል። አዝማሪ ቤትም እንዲሁ ነው፤ አንዱ እንግዳ «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆው ይቀበላል፣ የተነካው ሰው ደግሞ እዚያው በርጩማ ላይ ስለተቀመጠ የራሱን ስንኝ ሰጥቶ ይመልሳል። ግጥሙ የሚነካው ሰው ከቤቱ አይጠፋም። በአንቺ ረቡዕ ግን የታሪኩ ባለቤት አልነበረችም። አሥራ ምናምን ሺህ ኪሎ ሜትር ርቃ፣ በማትሰማው ቋንቋ ተወራባት፤ ሲደርሳትም በጎረቤት ልጅ አፍ ደረሳት። «ለአንቺ ነው የነገርኩሽ» ያለችሽ ይህንን ነው።

«ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ» የሚሉሽ ጓደኞችሽ ክፉ አስበው አይመስለኝም፤ ነገር ግን እህትሽ ድምፅ አላት። በዚያች ሌሊት ተናግራለች። ለማን፣ መቼ፣ በምን ብርሃን እንደምትናገር ራሷ መርጣለች። አሠሪዋ ሰባት ዓመት ሙሉ ምርጫዋን ቀምቷት ከነበረ፣ ይህች አንዲት ምርጫ ምን ያህል ውድ እንደነበረች አስቢ።

ያቀፈችሽ ልጅ ነገር ግን በልቤ ቀርቷል፤ እሷን አቃልዬ ላልፋት አልችልም። ለእሷ የምትዪው ነገር አለሽ፤ የእታለምን ክፍል ሳትከፍቺ የሚባል ነገር። የቤት ሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የሚያስረው የከፋላ ሥርዓት የአደባባይ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሴቶችን ከነሻንጣቸው ቤይሩት ባለው ቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው ሄደዋል፤ መንገድ ላይ ሲያድሩ ዓለም በፎቶግራፍ አይቷቸዋል። ስለዚያ ደጃፍ መጻፍ የማንንም ምስጢር አያወጣም። ልጅቷንም አግኝተሽ ከሆነ ቡና ጋብዣት፤ ምናልባት የምትፈልገው ግጥም ሳይሆን የሚያዳምጣት ሰው ይሆናል።

አንቺ ራስሽ ደግሞ ያልተጻፈ ግጥም አለሽ። ሁለቱን የአማርኛ ስንኞች ተመልከቻቸው። ዳኞቹ አልገቧቸውም። ያለ አስተርጓሚ ለእህትሽ የደረሱት ግን እነሱ ብቻ ናቸው። አንድም ምስጢሯ የለባቸውም። እሷ ቀን ስትቆጥር ፊደል የቆጠርሽው አንቺ ነሽ፤ ባንክ የተሰለፍሽው፣ 100 ዶላሩን እየተቀበልሽ ከምን እንደመጣ ያልጠየቅሽው፣ አዲስ ደብተር ገዝተሽ የተደሰትሽው አንቺ ነሽ። ያቺ ልጅ የአንቺ ናት። ስለ እሷ ለመጻፍ ማንንም ማስፈቀድ የለብሽም፤ ስለ እሷ መጻፍ ግን ስለ እታለም ከመጻፍ ይከብዳል፤ ምክንያቱም እዚያ ግጥም ውስጥ የምትራቆቺው አንቺ ነሽ።

በሦስት ሳምንት ከደረሰልሽ እሱን ይዘሽ ተወዳደሪ። ካልደረሰ የዘንድሮው ፍጻሜ ይለፍሽ። መድረኩን ግን አትተዪው። ሰው መሆንሽ የተሰማሽ እዚያ ከሆነ እሱን ቁጭት እንዲወስድብሽ አልፈልግም። ለጥቂት ሳምንታት በክፍት መድረኩ ላይ ብቻ አንብቢ፤ እዚያ ካርቶን አይነሳም። አማርኛሽንም ሙሉውን አንብቢላቸው። ባይገባቸውም ጆሮ አላቸው።

ይቅርታውን በሚመለከት ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባብሽ። መጀመሪያ ቪዲዮውን የለቀቀውን ሰው አግኝተሽ እንዲያጠፋው ለምኚ፤ በቴሌግራም ያሰራጩትንም አንድ በአንድ ጠይቂ። ሁሉም እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እህትሽ ግን ስትለፊ ማየት አለባት። ከዚያ ስልክ የማታነሳልሽን እህት በመልእክት አታጨናንቂ። አብራሽ ባንክ ስትሰለፍ የነበረችው አክስትሽ በሕይወት ካለች አማላጅሽ እሷ ናት። እሷ ትግባ፤ ስልኩን በእሷ እጅ ታቅርብላት።

ስትነጋገሩ ስለ ግጥሙ ጥሩነት አታንሺ። ነጥቡን አታንሺ። ያለቀሰችውን ልጅ አታንሺ። «አጠፋሁ» ካልሽ በኋላ «ግን» የሚል ቃል አይከተል። በዚያው ስልክ ላይ ፈቃድ እንዳትጠይቂ፤ ከጠየቅሽ ይቅርታሽ ለፈቃዱ የተከፈለ ዋጋ ይመስላታል። ሦስተኛውን ንባብ ግን ንገሪያት። ለእኔ የጻፍሽልኝን፣ የዳኞቹን ፊት እያየሁ ያልሽውን። ይህ ከቪዲዮው ላይ አይታይም፤ ከአንቺ አፍ ካልሰማችው የምታውቅበት መንገድ የለም። ልትቆጣ ትችላለች። ትቆጣ።

አክስትሽን ለእሑድ ቅጠሪያት፤ ከቅዳሴ መልስ ቡና ሲፈላ ሁለቱም ቁጭ ይላሉ። አዲስ አበባ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን አንቺ ጋ ገና ሌሊት ነው። ማንቂያ ሰዓትሽን ሙዪና ተነሽ።